ስም ያስመዘገበ ሳይሆን የከፈለ ይቆጠር

ጥያቄ፦ «የ46 ነጋዴዎች ክበብ ጸሐፊ ነኝ። ሱቆቻችን መገናኛ አካባቢ ናቸው፤ እኩሌታችን ጨርቃ ጨርቅ፣ እኩሌታችን የሕንፃ መሣሪያ እንሸጣለን። ባለፈው ኅዳር መጨረሻ አንድ እሑድ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ለመዋል ወጥተን ነበር። 40 ሰው እመጣለሁ ብሎ የመጣው 27 ነው። የአውቶቡሱና ለ40 ሰው የታዘዘው ምግብ ሒሳብ ስለማይቀር ጉድለቱን ሦስት ሰዎች ከኪሳችን ሸፈንን። በግ ታርዶ ቀረበ፤ ለካ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ሙስሊም አባሎቻችንም አልነኩትም። እስከ ዛሬ ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር ይነሣል። ለ2019 ደግሞ ሊቀ መንበራችን ሞጆ ደረቅ ወደብን እንጎብኝ ይላል፤ ሌሎቹ ቤተሰብ ይዘን እንዝናና ይላሉ። እኔ እንደገና ባዘጋጅ ያው ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»
ጸሐፊዋ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ ጸሐፊ፣

የበጉም የጾሙም ነገር ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ሥሩ ግን 40 የሚለው ቁጥር ነው። ያ ቁጥር የተገኘው በስብሰባ ላይ እጅ በማውጣት ወይም ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «አለሁ» በመባባል ይመስለናል። በሰው ፊት «አልመጣም» ማለት ይሉኝታ ያስይዛል፤ ስለዚህ ሁሉም እጁን ያወጣል። እሑድ ጠዋት ሲደርስ ግን ሰርግ አለ፣ ልጅ አሞታል፣ ዕቃ የጫነ መኪና ይገባል። መኪናውም ምግቡም የታዘዘው በይሉኝታ ቁጥር ነበር። ከእንግዲህ ክበባችሁ አንድ ቁጥር ብቻ ይወቅ፤ እሱም የከፈለ ሰው ብዛት ነው። ኮስተሩ የሚያዘው፣ እንጀራው የሚታዘዘው፣ ውሃው የሚገዛው በእሱ ይሁን።

ምዝገባ ከመክፈትዎ በፊት ግን የአምናው ሒሳብ ይዘጋ። ሦስታችሁ ያወጣችሁት ገንዘብ በደረሰኝ ተደምሮ ለሥራ አስፈጻሚው ይቅረብና በቃለ ጉባኤ ይወሰን። ወይ ከክበቡ ካዝና ባንድ ጊዜ ይመለስ፣ ወይ በሁለት ዙር ይከፈል፣ ወይ «ትተናል» ብላችሁ ፈርሙ። ሦስተኛውን አንመክርም። ተውኩት ያለ ሰው አይተወውም፤ በሚቀጥለው ጉዞ መኪና ውስጥ በቀልድ መልክ ያወጣዋል። አባላቱም ቢሆኑ የአምናው ሒሳብ እንደተንጠለጠለ እያወቁ ለዘንድሮ ቀብድ አያወጡም።

ክፍያውን ሲተምኑ ወጪውን ሁለት ቦታ ይለዩት። አንደኛው ሰው በዛም አነሰም ብዙ የማይለወጠው ነው፦ መኪና፣ የሹፌርና የረዳት ውሎ አበል፣ የቦታ ኪራይ፣ የቡና አፍይዋ ክፍያ። ሁለተኛው በራስ የሚቆጠረው ነው፦ ምግብ፣ ውሃ፣ መግቢያ። የማይለወጠውን የሚያካፍሉት በርግጠኝነት ይመጣል ለሚሉት ትንሹ ቁጥር ይሁን። አምና 27 ሰው ከመጣ ዘንድሮ በ30 ያስሉ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ የገበያ ዋጋ ነው ብለው አይያዙትና፣ የማይለወጠው ወጪ 36,000 ብር ቢሆን ለ45 ሰው ሲካፈል 800 ብር ይደርሳል፤ ለ30 ሲካፈል 1,200። በራስ የሚቆጠረው 900 ብር ቢሆን ድምሩ 2,100፣ 10 በመቶ መጠባበቂያ ሲገባበት 2,310 ይሆናል። አባላት ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ። 40 ሰው ከከፈለ ከማይለወጠው ወጪ ብቻ 12,000 ብር ይተርፋል። ትርፍ መመለስ ጉድለት ከመለመን በስንት ጣዕሙ!

ገንዘቡ ወደ ክበቡ የባንክ ሒሳብ እንጂ ወደ እርስዎ ስልክ አይግባ። በግል ቴሌብር መሰብሰብ ይቀላል፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን የአስቤዛ ብርና የጉዞ ብር ይደባለቅና ማን እንደከፈለ፣ ማን ግማሹን እንዳስቀረ ይጠፋል። የሚይዙት መዝገብ አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ ስም፣ የተከፈለ ብርና ቀን፣ የያዘው መቀመጫ ብዛት፣ የሚበላው ምግብ ዓይነት። ልጅም አንድ መቀመጫ ነው። «ጭኔ ላይ ትቀመጣለች» የተባለች የሰባት ዓመት ልጅ ቃሊቲ ሳይደረስ የሰው ወንበር ላይ ናት። ከወረዳ ወይም ከንግድ ጽሕፈት ቤት እንግዳ የሚጋበዝ ከሆነ ማን እንደሚከፍልለት አስቀድሞ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

ለሚቀር ሰው ደንብ ያውጡ፤ ደንቡም ከምዝገባው ጋር አብሮ ይነገር። የመጨረሻው መክፈያ ቀን ሳያልፍ የቀረ ሙሉውን ይመለስለት። ካለፈ በኋላ የቀረ ወንበሩን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላል፤ ብሩ ግን አይመለስም። ለቅሶ ግን ለብቻው ይታይ። የቅርብ ዘመድ የሞተበት አባል በማንኛውም ሰዓት ቢቀር ገንዘቡ ከመጠባበቂያው ይመለስለት፤ ያችን 10 በመቶ ካስገባንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ሐዘኑ የደረሰው በራሱ በክበቡ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጉዞው ይቀራል፤ ሬሳ ሳይሸኙ ሐይቅ ዳር መዋል በእኛ አገር አይሆንም። ስለዚህ ከመኪና አከራዩም ከመዝናኛ ቦታውም ጋር ውል ሲይዙ «አንድ ጊዜ ቀን ማዛወር ይቻላል» የሚል መስመር ያስገቡ። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ከጠየቁ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፤ ከከፈሉ በኋላ እሺ የሚል አያገኙም።

አሁን ወደ ቀኑ። የነጋዴ ክበብ ሦስት ካሌንደር ማየት አለበት፦ የጾሙን፣ የግብሩንና የሰርጉን። መስከረም ላይ ቢሾፍቱን አያስቡ፤ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ስለሚከበር መንገዱም ከተማውም ሙሉ ነው። ጥቅምት አየሩ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ሒሳብ ዘግተው ማሳወቅ አለባቸው፤ በዚያ ወር ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ያልተፋጠጠ ነጋዴ ጥቂት ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ጥር ከጥምቀት በኋላ የሰርግ ወር ነው፤ ኮስተር ይወደዳል፣ አባላትም እሑድ እሑድ ሰርግ ቤት ናቸው። በ2019 የካቲት ረመዳን ነው፤ ሁዳዴም የካቲት 29 ይገባል። ከግብሩ በኋላ ከጾሙ በፊት የሚቀሩት ሁለት እሑዶች ኅዳር 6 እና ኅዳር 13 ናቸው። ኅዳር 6ን ይያዙ፣ 13ን ለመጠባበቂያ ይተዉ። ኅዳር 6 ቁስቋም ስለሆነ ደብሩን የሚሳለሙ አባላት እንዳሉ ይጠይቁ፤ ብዙ ከሆኑ 13 ላይ ያድርጉት፤ ያኔ ግን ማዛወሪያ ቀን እንደሌላችሁ ይወቁት፤ በማግሥቱ ማግሥት ጾም ነው። ለኅዳር 6 ከሆነ ግማሽ ክፍያ እስከ ጥቅምት 15፣ ቀሪው እስከ ጥቅምት 26 ይጠናቀቅ። ጥቅምት 27 ጠዋት መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር የመጨረሻው ነው፤ መኪናውም ምግቡም በዚያ ቀን ይረጋገጣል።

ስለ መኪናው። ኮስተር እንደ አቀማመጡ ከ25 እስከ 28 ሰው ይይዛል። ስለዚህ ለእናንተ መጥፎው ቁጥር 30 ነው፤ ለአንዱ በዝቶ ለሁለቱ ያንሳል። ስሌቱ ሁለት ኮስተር ብሎ ይነሣ፤ ከፋዩ በአንዱ ከተጠቃለለ ልዩነቱን ይመልሱ፤ 30 ላይ ከቆመ ቀሪዎቹን ወንበሮች ለቤተሰብ ይክፈቱ። 45 ሰው የሚይዝ አንድ አውቶቡስ ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ቢበላሽ ግን ሁላችሁም መንገድ ላይ ናችሁ። ውሉ ላይ «ከነነዳጁ» ወይም «ያለ ነዳጅ» የሚለው በግልጽ ይጻፍ፤ አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህች ቃል ነው። ከነነዳጁ ከሆነ ሹፌሩ ቅዳሜ ማታ ቀድቶ ይደር፤ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ስለሚቀዳ እሑድ ጠዋት ማደያ ወረፋ ላይ ጥሬ ብር ይዞ መቆም አይጠቅምም። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሰሌዳው የንግድ መሆኑን፣ ቦሎው የዘንድሮ መሆኑን፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ አለማለፉን በዓይንዎ ይዩና በስልክዎ ያንሱት። መለዋወጫ ጎማውንም እንዲሁ፤ አለ መባሉ አይበቃም፣ ንፋስ ይኑረው።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ በፈጣን መንገዱ ከተሄደ ቅርብ ነው። ሰውን ንጋት 12 ሰዓት መገናኛ ማቆም አያስፈልግም። ቅዳሴ የሚያስቀድሱትም እንዲደርሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት መነሻ ይሁን። እዚህ ላይ የተለመደ ተንኮል አለ፤ ሰው ስለሚያረፍድ 3 ሰዓት ለመነሣት «2 ሰዓት» ይባላል። አንድ ጊዜ ይሠራል። ቀጥሎ ሁሉም አንድ ሰዓት እንደተጨመረበት ስለሚያውቅ ያንኑ ያህል ያረፍዳል፣ በሰዓቱ የመጡት ደግሞ ይቀጣሉ። እውነተኛውን ሰዓት ይናገሩ፣ 3 ሰዓት ከ10 ላይ ይነሡ። የቀረው ከቃሊቲ በሚኒባስ ይደርሳል፤ የቦታው ሎኬሽን ቴሌግራም ላይ ይቀመጥለት። በየመኪናው አንድ ኃላፊ ይኑር፤ ሲመለሱም «ሁሉም ገብቷል?» ብሎ መጮኹን ትቶ ስም ይጥራ። ስለ መንገዱ ጸጥታ በዋዜማው አከራዩንም የምትውሉበትን ቦታ ሰዎችም ይጠይቁ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ለመመለስ መነሣት ደኅና ነው፤ ከዚያ ካለፈ እሑድ ማታ ወደ ከተማ የሚገባው መኪና ያስቀምጣችኋል።

ምግብ ላይ ረጋ እንበል፣ አምና የተጎዳችሁት እዚህ ነውና። ጉዞው ከጾም ውጭ ቢውልም ገበታችሁ ከጾም ምግብ ይነሣ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ድንች በካሮቱ የሁሉም ነው፤ ሙስሊሙም፣ ንስሐ ገብቶ የሚጾመውም፣ ሥጋ የማይበላውም ይቀርበዋል። ቅቤ እንዳይገባበት ለምግብ ቤቱ በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ ይስጡ። ሥጋው ለሁለት ይከፈላል፤ ነገሩ የሚበላሸውም ሥጋው ከተገዛ በኋላ ነው። ከሙስሊም ሥጋ ቤት ተገዝቶ ይመጣና በዚያው ቢላ ይከተፋል፣ በዚያው መጥበሻ ይጠበሳል፣ ወይም አስተናጋጁ በአንድ ጭልፋ ከሁለቱም ትሪ ያወጣል። ያየ ሰው ይተወዋል፤ ደግሞም ልክ ነው። ስለዚህ ለብቻው ቢላ፣ ለብቻው ድስት፣ ለብቻው ጭልፋ፣ ለብቻው ጠረጴዛ፣ ከፊቱም የተጻፈበት ወረቀት ይሁን። ከሙስሊም አባሎቻችሁ አንዱ ሥጋውን ገዝቶ ወጥ ቤቱ ድረስ ይግባ፤ የእሱ «አይቻለሁ» ማለት ከእርስዎ ማረጋገጫ አሥር እጥፍ ይታመናል። እዚያው በግ ይታረድ ከተባለም ሁለት በግ፣ ሁለት አራጅ ነው።

መጠኑን ለ40 ሰው እናስላ፤ እንደ ቁጥራችሁ ይጨምሩት ወይም ይቀንሱት። እንጀራ በራስ ሁለት፣ አሥር መጠባበቂያ፣ በድምሩ 90። የጾሙ ወጥ ካለ ለጥብስ አጥንት የሌለው ሥጋ በራስ 300 ግራም ይበቃል፤ ከአጥንቱ ጋር ከሆነ 400። 12 ሙስሊም ቢኖር ለእነሱ 3.6 ኪሎ፣ ለቀሩት 28 ደግሞ 8.4 ኪሎ አጥንት የሌለው ማለት ነው። የሙስሊሙን ትንሽ ከፍ አድርገው ይግዙ፤ ከጎደለ ከሌላው ጠረጴዛ መሙላት አይቻልም፣ ሌላው ከጎደለበት ግን ከሙስሊሙ ሥጋ የሚቆርስ አይጠፋም። ውሃ በራስ ሦስት ባለ ግማሽ ሊትር ይያዝ፤ 120 ይሆናል፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት የታሸገው አሥር እሽግ። ቢራና ድራፍት መዋጮው ውስጥ አይግባ። የማይጠጣው ለሚጠጣው መክፈሉን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ በዓመቱ ሲጠሩት ግን አይመጣም። የሚጠጣ ከኪሱ ይዘዝ።

ቡናን እንደ ማሳረጊያ ብቻ አይዩት። አንድ ትልቅ ጀበና ከ12 እስከ 15 ሲኒ ይቀዳል፤ ለ40 ሰው በአንድ ጀበና ከሆነ መጀመሪያ የጠጣው ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ነው መጨረሻው ላይ ያለው አቦል የሚደርሰው። ሦስት ጀበና በሁለት ምድጃ ይሁን፣ 700 ግራም ያህል ጥሬ ቡና ይያዝ። ቡናው ሲቆላ ሰው ሁሉ ስለሚሰበሰብ የጉዞው ቁም ነገር የሚሠራው ያኔ ነው። ባለ ጨርቁ ከባለ ጨርቁ፣ ባለ ብረቱ ከባለ ብረቱ ተያይዞ እንደሚቀመጥ እርስዎ ያውቁታል። አቦሉ ላይ እያንዳንዱ በአንድ ደቂቃ ሁለት ነገር ይናገር፦ ምን እንደሚሸጥና አሁን ምን እንደሚፈልግ። «መጋዘን እፈልጋለሁ»፣ «ቀለም በጅምላ የሚያመጣ ሰው አገናኙኝ» የመሰለው ንግግር 40 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከሊቀ መንበሩ ንግግር ይልቅ ይጠቅማል። ለሊቀ መንበሩ አምስት ደቂቃ ይስጡት። በዚያ ቀን ገንዘብ የሚሰበሰብበት ነገር አይነሣ፤ የታመመ አባልም ቢኖር ለሰኞ ይደር።

ልጆች ካሉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የቢሾፍቱ ሐይቆች አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው፤ ዳሩ ቀስ እያለ አይጠልቅም፣ ጥቂት እርምጃ ካለፉ ገደል ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ 87 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ዋና አይፈቀድ፤ ጀልባ ላይ ያለ መንሳፈፊያ ጃኬት ማንም አይውጣ። ከወላጆች ሁለት ሰው በየሰዓቱ እየተፈራረቀ ውሃው ዳር ይቁም፤ «ሁላችንም እናያቸዋለን» ማለት ማንም አያያቸውም ማለት ነው።

የሊቀ መንበሩ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ግን ከዚህ ጋር አይቀላቀል። ደረቅ ወደብ የሥራ ቦታ ነው፤ ጋሪ የያዘች እናትና ክሬን አይገናኙም። ሁለቱን በአንድ ቀን ያደረገ ክበብ ወደቡ ላይ ልጆች ይሰለቹበታል፣ ሐይቁ ላይ ደግሞ ይመሽበታል። ሞጆን ለታኅሣሥ ያድርጉት፤ በሥራ ቀን፣ ግማሽ ቀን፣ ዕቃ ከውጭ ለሚያስመጡና ለማስመጣት ለሚያስቡ ከ15 እስከ 20 አባላት ብቻ። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላ ሱቅ መክፈት ይቻላል። ጾም ስለሆነ ምሳውም አያከራክርም።

ደብዳቤው ከአራት ሳምንት በፊት ወደቡን ለሚያስተዳድረው ለኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ይድረስ። የክበቡ ማኅተምና ቁጥር ይኑረው፤ የጎብኚዎቹ ስም ዝርዝር ይያያዝ፤ ሁለት አማራጭ ቀን፣ የጉብኝቱ ዓላማ በሦስት መስመር፣ የሚነሡት ጥያቄዎች፣ ፎቶ ማንሣት ይፈቀድ እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍበት። በእጅዎ መዝገብ ቤት ያስገቡና የገቢ ቁጥሩን በቅጂው ላይ ያስጽፉ፤ ከሳምንት በኋላ ሲደውሉ «ደብዳቤያችን ደርሷል?» ካሉ ይንከራተታሉ፣ ቁጥሩን ከጠሩ ፋይሉ ይወጣል። ዕለቱን ሁሉም መታወቂያ ይያዝ፣ ሽፍን ጫማ ያድርግ፤ ነጠላ ጫማ ያደረገ ከበር ሊመለስ ይችላል።

ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ከአባላት ይሰብስቡ፤ አለበለዚያ «ስንት ኮንቴይነር ይይዛል?» ተብሎ ይቀራል። በመልቲሞዳል፣ ማለትም አንድ አጓጓዥ በአንድ ሰነድ እስከ ደረቅ ወደቡ ድረስ ኃላፊነት ወስዶ ያስገባው ዕቃና አስመጪው ራሱ ከጅቡቲ ጀምሮ የሚያንቀሳቅሰው የዩኒሞዳል ዕቃ በወጪ የሚለያዩት የት የት ላይ ነው? ኮንቴይነር ደረሰ ከተባለ በኋላ ዲመሬጅ (ኮንቴይነሩ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ሲቆይ የሚከፈለው) መቆጠር የሚጀምረው ከየትኛው ቀን ነው፣ ባዶው ኮንቴይነርስ የት ይመለሳል? ጨርቅ በብዛት ለአካላዊ ፍተሻ ወደ ቀይ መስመር የሚሄደው በሰነዱ ላይ ምን ጎድሎ ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ የጉምሩክ ሰው ካልተገኘ መልስ አያገኙም፤ ስለዚህ ለጉምሩክ ቅርንጫፉም የደብዳቤው ግልባጭ ይድረሰው። ከአባሎቻችሁ አንዱ አብሮት የሚሠራ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ካለው ይዞት ይምጣ፤ አስጎብኚው በጥቅሉ የሚያልፈውን እሱ ይዞ ይጠይቃል።